ታራ በወሎ ሰፈር

ጎረቤታችን ጋሼ ሲጋራ ሲከፍት አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ኒያላ ገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወጣው ሲጋራውን አልነበረም። ከፓኮው ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ቀስ ብሎ ይስበዋል፣ ጭኑ ላይ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር እየዳመጠ አንዲት እጥፋት እስከማትታይ ድረስ ያለሰልሰዋል። ሲጨርስ ለአራት አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ሲጋራውን የሚለኩሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ የግቢው ልጆች ወረቀቱን እንፈልገዋለን፤ ቀለበትና ዘውድ እንሠራበታለን። ስንለምነው ይሰጠናል፤ ግን አንድም ቀን ሳይዳምጠው ሰጥቶን አያውቅም።

ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በደርግ ጊዜ ታስሮ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ምን አይቶ እንደወጣ ግን በግቢያችን አይወራም። ያኔ ብዙ ግቢ እንዲህ ያለ ሰው ነበረው፤ የሚከበር፣ ዝም የሚል፣ ልጆች አጠገቡ ሲጮኹ ብድግ ብሎ የሚሄድ።

የምናገረው ስለ 1987 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ወሎ ሰፈር ነበር፤ ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ በሚወስደው በኩል፣ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ። ዛሬ ወሎ ሰፈርን በመስታወት ፎቆቹ ብቻ የሚያውቅ ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ ያኔ ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ሲሉ ጭቃ ነበር፣ ዶሮ ነበር፣ በሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ይህን ሳናስበው እናደርገው ነበር። ሌላ ሰፈር ሄጄ ሰው ያለማቋረጥ ሲያወራ ስሰማ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኝ ነበር። ወደ ምሥራቅ፣ ከገርጂ ባሻገር ያለው አገር ደግሞ ለእኛ ከተማ አልነበረም። የጤፍ ማሳና የሣር ሜዳ ነበር፤ ሰሚት የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አንድ ቀን አድራሻዬ ይሆናል ብዬ የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም።

መጽሐፉን ያመጣችው እትዬ ናት። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ እትዬ ስለምትላት እኛም ጎረቤቱም እትዬ እንላታለን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስትመታ ውላ ማታ ጣቶቿ ላይ የካርቦን ቀለም ይዛ ትገባለች። ያን ቀን ከሥራ ጓደኛዋ የተዋሰችውን፣ በጋዜጣ የተሸፈነ ወፍራም መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይላል። ደራሲዋ ማርጋሬት ሚቸል፣ ተርጓሚው ነቢይ መኮንን።

«ቀኑን ሙሉ ፊደል ሳይ ውዬ ማታም ፊደል አላይም» አለች። «አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልስማ።»

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ከራት በኋላ ቡና ይፈላል፤ ጀበናው ከሰሉ ላይ ሲጣድ እኔ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ምሽቶች የሚሰሙት እትዬና እናቴ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንዷ ጎረቤት ጨው ልትበደር መጥታ ቀረች። በማግሥቱ እህቷን ይዛ መጣች። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ጠበበ። ጋሼ ዱካውን ከደጃፉ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግቢው ጆሮውን ወደ ቤቱ ሰጥቶ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ሻማው ወደ እኔ ይመጣል፤ ሌላው ሰው በጨለማ ይሰማል። አሁን ሳስበው እነዚያ በጨለማ የተነበቡት ገጾች ናቸው አእምሮዬ ውስጥ ከሁሉ በላይ በርተው የቀሩት።

ስካርሌት የሚለው ስም ለብዙዎቹ አፍ አልመች ስላለ «ያቺ ልጅ» ሆና ቀረች። ሬት በትለር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሙ ተወዶለታል። «ስሙም ሬት፣ ምላሱም ሬት» አለች እትዬ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰውዬ በገባ ቁጥር አንዷ ታቃስታለች፣ አንዷ ወደ ፊት ጠጋ ትላለች። ያቺ ልጅ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የምትወደው አሽሊ ሌላ ሊያገባ ነው ብላ በእልህ የማትወደውን ስታገባ፣ ባሏ ወዲያው ሲሞትባት፣ ከዚያ ደግሞ አትላንታ ለቁስለኞች ገንዘብ በሚሰበሰብበት ግብዣ ላይ ጥቁር እንደለበሰች ተነሥታ ስትደንስ ቤቱ ተናወጠ። «ከል ለብሳ!» አለች ጨው ልትበደር መጥታ የቀረችው ጎረቤታችን። «በስመ አብ! ከል ለብሳ!» ሦስት ገጽ ሳላነብ ምሽቱ በዚህ ክርክር አለቀ። እናቴ የአሽሊን ሚስት ሜላኒን ትወዳለች፤ ለስላሳ ናት፣ ክፉ አታስብም። እትዬ ግን ከያቺ ልጅ ወገን ነበረች። «ይቺን ቤት የሚያቆማት ሜላኒ አይደለችም» ትላለች፤ የሜላኒ እጅ መሳም እንጂ ጭቃ መያዝ አያውቅም ባይ ናት። እትዬ ባል አላገባችም። የእኛን ቤት ኪራይ፣ የወንድሞቼን ትምህርት፣ የአያቴን መድኃኒት የምትከፍለው እሷ ነበረች። ልጅ ሆኜ ይህን ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም።

ጋሼ አንድም ቀን ከክርክሩ ገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ቸኩዬ ቃላት እየዘለልኩ ሳነብ፣ ፊቱን ሳያዞር «ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ቶሎ ተብሎ የተጻፈ አይደለም» አለኝ። የተቆጣኝ መስሎኝ አፈርኩ። በማግሥቱ ከኪሱ አንዱን የተዳመጠ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ዘውድ መሥራቱን ትቼ ወረቀቱን ያቆምኩበት ገጽ መካከል ማድረግ ጀመርኩ።

ወደ አትላንታ መቃጠል የደረስነው በክረምቱ ዋዜማ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ከቧል፤ ሜላኒ ምጥ ላይ ናት፤ ሐኪሙ በቁስለኞች ተጠምዷል። የደቡቡ ጦር ሲያፈገፍግ ጥይቱና ባሩዱ በጠላት እጅ እንዳይገባ በባቡር ላይ እንዳለ ይለኩሰዋል። ይህ በታሪክም የሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1864 መጀመሪያ ላይ። ሰማዩ ሲቀላ፣ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ያቺ ልጅ አራሷንና ሕፃኑን በጋሪ ጭና በእሳቱ መሐል ስትወጣ እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል ማንም እኔን አያይም። ሁሉም ወደ ጎተራ በኩል ያለውን ግድግዳ ያያል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ በሳምንቱ፣ ጎተራ አካባቢ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። እኛ ከዚያ ያለነው ቅርብ ነው። የማስታውሰው የበራችን መቃን መሬት ላይ ተኝቶ፣ አያቴ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ፣ እናቴ እጄን ጨብጣ በባዶ እግራችን ወደ ቦሌ መንገድ ስንሮጥ ነው። ፍንዳታው አላቆመም፤ አንዱ ሲያባራ ሌላው ይጀምራል። ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው እዚያው ነው። ከግቢያችን ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን ለወራት አንድ ሰው በር ገፍቶ ሲገባ አያቴ ብድግ ትል ነበር።

ያን ምሽት መጽሐፉን ዘጋሁት። አንዷ «ያቺ ሌሊት ናት» አለች፤ ሌላዋ «እንዴት አወቀችው?» አለች። ከዚያ ጀመሩ፤ ማን የት ሮጠ፣ ማን ማንን ትቶ ሮጠ፣ ማን ምን ይዞ ወጣ። አንዷ ጎረቤታችን ሌላ ነገር ሳታነሣ የሊጥ ቡሃቃ ተሸክማ ቦሌ ሚካኤል ድረስ እንደሄደች ያን ቀን ተናገረች። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሌሊት እንዲያ ተቀምጠው አውርተው አያውቁም ነበር። አትላንታ ስትቃጠል ሰምተው ነው አፋቸው የተፈታው።

ከዚያ በሚቀጥለው ምሽት ያቺ ልጅ ታራ ደረሰች። ታራ የአባቷ እርሻ ነው፤ እናቴ ዘንድ ልግባ ብላ በዚያ ሁሉ እሳት ያለፈችው ወደዚያ ነበር። እናቷ ሞታለች። አባቷ አእምሮው ተነክቷል። ጎተራው ባዶ ነው። ከባሪያዎቹ ጓሮ የቀረ አንድ ሥር ቆፍራ ከነአፈሩ ትበላና ያስመልሳታል፤ ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ፣ ከእንግዲህ የመጣው ይምጣ እንጂ እሷም ወገኖቿም እንደማይራቡ ትምላለች። ከጎረቤቶቻችን መካከል በ1977 ከቆቦ በኩል መጥታ እዚህ ዘመድ ቤት የቀረች ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ከጥግ ነው የምትቀመጠው። ያን ገጽ ስጨርስ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ምንም አልጨመረችም፤ ስኒዋን ገልብጣ ተነሥታ ሄደች።

«እንዴት አወቀችው?» ለሚለው መልስ ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1900 አትላንታ ተወለደች፤ ጦርነቱ ካበቃ 35 ዓመት አልፎታል። ያደገችው በዚያ ጦርነት የተዋጉ ሽማግሌዎች ጉልበት ሥር ነው። ወሬያቸው እንዲህ የሞቀ ስለነበር ደቡብ መሸነፉን ራሱ ያወቀችው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት እንደነበር ትናገራለች። እናቷ አንድ ቀን ልጂቱን በጋሪ ይዛት ወጥታ የፈራረሱ የባላባት ቤቶች አሳየቻት፤ በዚህ ቤት የነበሩ ሰዎች ዓለማቸው ጽኑ መስሏቸው ነበር፣ ያንቺም አንድ ቀን ይፈርሳል፣ ያኔ የምትይዢው ነገር ይኑርሽ ብላ መከረቻት። ያቺ እናት በ1919 በኅዳር በሽታ ሞተች። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አዲስ አበባን በ1911 ዓ.ም. የፈጀው፣ ያው ወረርሽኝ ነው። ሚቸል ከኮሌጅ ስትደርስ እናቷን አላገኘቻትም። ስካርሌት ታራ ደርሳ እናቷን ሞታ የምታገኝበት ገጽ ከወሬ የተቀዳ አይደለም።

ጋዜጠኛ ሆነች። በ1926 ቁርጭምጭሚቷን ተጎድታ ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች። ባሏ ጆን ማርሽ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያመላልስላት ሰልችቶት፣ ለምን አንቺው ራስሽ አንድ አትጽፊም አላት ይባላል። ከጠባብ አፓርትማ ውስጥ፣ በሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድማ ጻፈች። እንግዳ ሲመጣ በፎጣ ትሸፍነዋለች። ምዕራፎቹን በትልልቅ ፖስታ እየከተተች በየጥጉ ታስቀምጣለች። ይህን ለእትዬ ስነግራት ከሁሉ ይልቅ የደነቃት ፎጣው ነበር። እሷም በመሥሪያ ቤቱ መኪና በምሳ ሰዓት የራሷን ነገር ትመታ እንደነበር፣ ሰው ሲመጣ ከላዩ ሌላ ደብዳቤ ታደርግበት እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ። ምን እንደነበር አልነገረችኝም።

በ1935 የማክሚላኑ ሃሮልድ ሌተም አትላንታ መጥቶ ያን የፖስታ ክምር ሲወስድ የሚይዝበት ሻንጣ መግዛት ነበረበት። መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ፤ 1037 ገጽ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፣ በ1937 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በሕይወት ሳለች ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመችም። ነሐሴ 1949 ከባሏ ጋር ፊልም ልታይ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት፤ በአምስተኛው ቀን ሞተች። 48 ዓመቷ ነበር።

ወደ ወሎ ሰፈሩ ቤት ልመለስ፤ እዚያ የተጠየቀ፣ እስከ ዛሬ የሚከተለኝ አንድ ጥያቄ አለ።

ቡናውን የምታፈላው የቤታችን ሠራተኛ ናት። ከደብረ ሲና ገጠር የመጣች፣ ከእኔ በአራት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። ቀን ከእኔ ጋር ትጫወታለች፣ ማታ ግን ከከሰሉ ወዲያ ነው የምትቀመጠው፤ ንባቡ ላይ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ማሚ የምትባል አለች፤ ያቺን ልጅ ያሳደገች፣ ኮርሴቷን የምታጠብቅላት፣ የምትቆጣት፣ በክፉ ቀን ጥላት የማትሄድ ጥቁር ሴት። ሁላችንም እንወዳታለን። «እንደ እናት ናት» ይባላል። አንድ ምሽት ሦስተኛው እየተቀዳ ሳለ ልጂቱ፣

«ማሚ ደሞዟ ስንት ነው?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔ መልሱን በገጹ ላይ የምፈልግ ይመስል አጎነበስኩ። በመጨረሻ ጋሼ ከደጃፉ «የላትም፤ ባሪያ ናት» አለ። ልጂቱ «እሺ» ብላ ስኒውን ሰበሰበች። የእሷ ደሞዝ በወር 30 ብር ነበር፤ ለገና እናቴ ቀሚስ ትገዛላታለች፣ እንደ ልጃችን ናት እንል ነበር።

እስከዚያ ምሽት ድረስ፣ ያን ሁሉ ገጽ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ባሪያ የሚለው ቃል በአፌ ያለፈው ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ግን አልሰማሁትም ነበር። አትላንታ ጎተራ ስለሆነችብን፣ የታራ ረሃብ የቆቦ ረሃብ ስለሆነብን፣ ያቺን ልጅ ከነቤቷ ከነወገኗ የራሳችን አድርገናት ነበር። ያ ወገን የተዋጋው ምን ይዞ ለመቀጠል እንደሆነ አልጠየቅንም። ሚቸልም አልጠየቀችም። እዚህ ላይ ልቤ የተከፈለ ቢሆንም መጽሐፏ በዚህ በኩል ዓይኑን የጨፈነ ነው ብዬ አምናለሁ። የማሚን ፍቅር አሳየችን እንጂ ማሚ ማታ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ አንድ ገጽ አልሰጠችንም። ይህን ከእኔ በፊት ብዙዎች ብለውታል፤ አፍሪካ አሜሪካዊቷ አሊስ ራንዳል እ.ኤ.አ. በ2001 ያንኑ ታሪክ በባርነት ከተወለደች የስካርሌት ግማሽ እህት ዓይን ደግማ ጽፋዋለች፤ የሚቸል ወራሾችም ከሰዋት ነበር። ከመጽሐፉ በተሠራው ፊልም ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፤ ግን ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ውስጥ ሲመረቅ በዘር ልዩነቱ ሕግ ምክንያት አልተገኘችም፣ ሽልማቱን በተቀበለችበት ምሽትም ከሌሎቹ በተለየ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። ሚቸል ራሷ በኋላ ዘመኗ በአትላንታው የሞርሃውስ ኮሌጅ በኩል ለጥቁር የሕክምና ተማሪዎች በስውር ትከፍል ነበር። ይህንን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰልኝም።

ለእኛም አልተመለሰልንም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ ያኔ ያገባች ሴት ነበረች። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተረት ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያገኘሁት ቀን ከወንበሬ አስነሥቶኛል። የሚቸል መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 ነው። በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.። ያን ቀን ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ ስለተወረረች አገራቸውና ከሰማይ ስለወረደው የመርዝ ጋዝ ይናገሩ ነበር። በአንድ ቀን፣ ስለ ሁለት የተሸነፉ አገሮች። አንደኛዋ ሰውን ባሪያ አድርጋ ለመያዝ ተዋግታ የተሸነፈች፣ ሌላዋ ነፃነቷን በመርዝ የተነጠቀች። ሁለቱን አንድ ላይ ያኖራቸው ዕለቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ከአሥርት ዓመታት በኋላ የአንደኛዋ መጽሐፍ በሌላዋ ልጆች ዘንድ፣ ያውም እስር ቤት ውስጥ፣ ይነበባል ብሎ ያን ቀን ማን ሊያስብ ይችል ነበር?

ይህን የእስር ቤት ታሪክ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ነቢይ መኮንንን ያወቅሁት መጀመሪያ በመጽሐፉ ሽፋን፣ ቀጥሎ በአዲስ አድማስ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአሰፋ ጎሳዬ የተመሠረተው ያ ጋዜጣ ቅዳሜ ሲወጣ፣ ዋና አዘጋጁ ነቢይ የሚጽፈው ርዕሰ አንቀጽ ከዕለታት አንድ ቀን በሚል ተረት ይጀምርና በአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ያበቃ ነበር። የናዝሬት ልጅ ነበር፤ ገጣሚ ነበር፤ «ስውር ስፌት»ን የመሰለ የግጥም መድበል ያለው። ርዕሰ አንቀጹን ሳነብ አንድ ሰው በጨለማ ለተቀመጡ ሰዎች ጮክ ብሎ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ስለ ትርጉሙ የተናገረውን ካነበብኩ በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ክፍሉ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ የሚቸል። እስረኞቹ በየተራ በሰዓት እየተከፋፈሉ ያነቡታል። እንግሊዝኛ የማያነበው ብዙ ነው። ነቢይ ለመተርጎም ተነሣ። ወረቀት የለም። ያለው የሲጋራ ፓኮ ነው፤ በፓኮው ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት። በዚያ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይጽፋል፤ የተረጎመውን ለክፍሉ ያነባል። እንዲህ ሆኖ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወረቀቶች ሞሉ። ከዚያ የሚፈታ እስረኛ በተገኘ ቁጥር ወረቀቶቹ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ሆነው በኪሱ ይወጣሉ። ነቢይ ራሱ ሲፈታ ደግሞ እየዞረ ከየሰዉ ቤት ሰበሰባቸው፤ ገጹን ከገጹ አስማምቶ መጽሐፍ አደረገው።

ያን ገጽ ያነበብኩት ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ኢምፔሪያል ላይ መውረድ ሲገባኝ ሳልወርድ አለፍኩ። ዓይኔ ላይ የመጣው የጋሼ አውራ ጣት ነው።

ጋሼ ያኔ ሞቷል። ከነቢይ ጋር አንድ ክፍል ነበር ብዬ አልናገርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔም ለማንም አልነገረም። የማውቀው ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲዳምጥ ያየሁትን ብቻ ነው። እስር ቤት ውስጥ የተለመደ ጣት ከወጣ በኋላም ልማዱን አይተውም ይሆናል፤ ለጽሑፍም ይሁን ለሌላ። ግን «ቶሎ ተብሎ የተጻፈ አይደለም» ያለኝ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈውን እኔ በአንድ ትንፋሽ እዘል ነበር።

ሚቸል ስትሞት አብዛኛው የእጅ ጽሑፏ በራሷ ፈቃድ ተቃጠለ። ባሏ መጽሐፉ የእሷ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሆኑ ጥቂት ምዕራፎች ብቻ አስቀረ። ሲጻፍ ከሰው በፎጣ የተከለለው ጽሑፍ ሲጠፋም እንዲሁ ተከልሎ ነው የጠፋው። የአማርኛው ግን ከመጀመሪያው ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ አጨሰ፣ አንዱ ዳመጠ፣ አንዱ ጻፈ፣ ሌሎቹ ሰሙ፣ ሌሎቹ በኪሳቸው ይዘው የማዕከላዊን በር ወጡ። በእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ድምፅ የለውም። በአማርኛው ውስጥ አንድ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠ ሌላ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ትንፋሽ የሚስብበትን ቦታ ያውቃል። ለዚህ ነው በወሎ ሰፈር ቤት ውስጥ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስታነበው ቤት የሞላው። አስቀድሞ በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ ነበር።

ያን ግቢ ዛሬ የሚያሳየው ነገር የለም። ሠራተኛችን የነበረችው ልጅ በኋላ ቤሩት ሄደች፤ በቦሌ ስንሸኛት እትዬ ከአንገቷ የአንገት ልብሷን አውጥታ አለበሰቻት፤ ስንት እንደሚከፍሏት አስቀድማ በወረቀት እንድታስፈርም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረቻት። የመጽሐፉ ባለቤት ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትሄድ መጽሐፉ እኛ ዘንድ ቀረ። ግቢው ሲፈርስ እኛ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ ምሥራቅ። አውሮፕላኑ አሁን ከሩቅ ነው የሚሰማው። እትዬ አሁንም አንዳንዴ ድምፁን ስትሰማ ወሬዋን ታቆማለች።

በ2016 ዓ.ም. ነቢይ መኮንን ማረፉን በሬዲዮ ሰማን። እትዬ ምንም ሳትል ቆየችና «አምጪው» አለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ አሁን በእውነትም ፊደል አታይም። መጽሐፉን ከሣጥን አወጣሁት። የጋዜጣው ልባስ ቢጫ ሆኖ ተቀዷል፤ ጀርባው ተፈትቷል፤ ከመካከሉ አንዳንድ ቅጠል ጎድሏል። ያቺ ልጅ ታራ ከምትደርስበት ገጽ ላይ ስከፍተው አንዲት ብርማ ወረቀት ወጣች። ለአራት ታጥፋለች። ዕቃ ስናጓጉዝ ሳይሆን አይቀርም፣ አንደኛው ጫፏ ተጨማዷል።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ፣ ስትንኮሻኮሽ ሰምታ።

«የጋሼ ወረቀት።»

«የተጻፈበት አለ?»

ገልብጬ አየሁት። «የለም፤ ባዶ ነው።»

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አድርጋ በእጇ ዳበሰችው፤ የተጨማደደውን ጫፍ በጣቷ አገኘችው፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር፣ ቀስ እያለች፣ ከዳር እስከ ዳር መዳመጥ ጀመረች። እኔም ከገጹ መጀመሪያ ላይ ማንበብ ጀመርኩ።